በእልህ የተሠራችው ቤት

አድራሻዋን በወረቀት ይዞ የሄደ ሰው እንኳ መጀመሪያ ላይ ሳያያት ያልፋታል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድርያ ከተማ፣ ኩዊን ጎዳና ቁጥር 523 ላይ በሁለት ደልዳላ የጡብ ቤቶች መካከል እንደ መጽሐፍ ዕልባት ተሰክታ የቆመች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለች። ወርዷ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ውስጥም ብዙ አትዘልቅም፤ 7.6 ሜትር ያህል ሄዳ ታበቃለች። የታቹና የላዩ ወለል ተደምሮ 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያስደንቅም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስቱዲዮ ከምንለው የኮንዶሚኒየም ቤት ጋር ይቀራረባል። ወርዷን በዓይነ ሕሊና ለማየት ግን በየመንገዱ የምናውቀውን ሚኒባስ ታክሲ እዚያ ውስጥ እናስገባው። ታክሲው ይገባል። ሾፌሩ ግን በሩን ከፍቶ መውረድ አይችልም፤ ወያላውም ተንሸራታቹን በር ከፍቶ ለመውጣት ሆዱን መሳብ ይኖርበታል።

ጠባብ ቤት በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም። የአምስተርዳም የቦይ ዳር መንደሮች በጠባብ ቤቶች የታወቁ ናቸው። የኩዊን ጎዳናዋን የሚለያት የተሠራችበት ምክንያት ነው። ሲነገር በኖረው ታሪኳ መሠረት፣ ቤቷ የተሠራችው ሰው እንዲኖርባት ሳይሆን ሰው እንዳያልፍባት ነው። አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነቱ ግንባታ የራሱ ስም አውጥተውለታል፤ በእኛ “የእልህ ቤት” ብንለው ያስኬዳል። የእኛ ሰው እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላል። እዚያ ደግሞ ጡብ አስደርድሯል።

ነገሩ የሆነው በ1830 ነው (ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሌክሳንድርያ ስሟ ከግብፅ እስክንድርያ ጋር ቢገጥምም የተሰየመችው በአካባቢው ባለ ርስት በነበረው በአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። በ1749 በፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ስትሆን፣ ትንባሆ፣ ስንዴና ዱቄት በመርከብ ይጫንባት ነበር። አንድ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ቤቷ ስትሠራ ከተማዋ የቨርጂኒያ አልነበረችም። ለፌዴራሉ መንግሥት መቀመጫ ተቆርሶ ከተሰጠው መሬት ጋር አብራ ሄዳ የዋሽንግተን ዲሲ አካል ሆና ቆይታለች፤ ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰችው በ1847 ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ በሌላም ነገር ትታወቅ ነበር። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ሁለት ሸሪኮች በ1828 ዱክ ጎዳና ላይ ቢሮ ከፍተው ባሪያ እየገዙ ወደ ደቡብ ግዛቶች ይልኩ ነበር። ድርጅታቸው በአሜሪካ የአገር ውስጥ የባሪያ ንግድ ከሁሉ የገነነው ሆነ። ሕንፃው ዛሬ ሙዚየም ነው።

በዚህች ከተማ ውስጥ ጆን ሆለንስበሪ የሚባል ሰው ኩዊን ጎዳና ላይ ቤት ነበረው። ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ጋር አልተጣበቀም፤ በመካከላቸው ወደ ጓሮ የሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መተላለፊያ የከተማ ኑሮ የደም ሥር ነው ማለት ይቻላል። ማገዶው፣ ውኃው፣ የፈረሱ ገለባ፣ ቆሻሻው ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው በዋናው በር ሳይሆን በዚያ በኩል ነው። ጋጣውና ማድቤቱም ያለው ከኋላ ነው።

የሆለንስበሪ ችግር ጋሪው ነበር። በፈረስ የሚጎተተው ጋሪ መንኮራኩሩ መሐል ላይ ወደ ውጭ የወጣ እምብርት አለው፤ ከጋሪው አካል ሁሉ ወደ ጎን የሚገፋው እሱ ነው። ባለጋሪው ትንሽ ከሳተ እምብርቱ የቤቱን ግድግዳ እየፋቀ ያልፋል። የብረት ቀለበት የለበሰ መንኮራኩር ደግሞ ድምፁ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ መተላለፊያው ውስጥ የሚቆሙ፣ የሚያወሩ፣ ጥላ ፈልገው የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ታሪኩ “ሥራ ፈቶች” ይላቸዋል። ቃሉ የባለቤቱ ወገን ቃል መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያን ጊዜ በወደብ ከተሞች ጋሪ ከሚነዱት፣ ዕቃ ከሚሸከሙትና ጓሮ ለጓሮ ከሚላላኩት መካከል ብዙዎቹ ጥቁሮች፣ ባሪያ የሆኑም ነፃ የሆኑም ነበሩ። እነሱ ስለ ሆለንስበሪ ምን ይሉ እንደነበረ የጻፈልን የለም።

ሆለንስበሪ አጥር ማጠር ይችል ነበር። በር ሠርቶ መቆለፍም ይችል ነበር። እሱ ግን መተላለፊያውን በቤት ወተፈው።

አሠራሩ ብልሃት አለው። አንድ ቤት ለመሥራት አራት ግድግዳ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን ሁለቱ ተሠርተው ቆመውለታል። የግራው የአንዱ ቤት የውጭ ግድግዳ፣ የቀኙ የሌላው ቤት የውጭ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ግድግዳ አቁሞ፣ ወለልና ጣራ አልብሶ ነገሩን ጨረሰ። የወለሉን እንጨት ለመዘርጋት 2.1 ሜትር እጅግ አጭር ርቀት ነው፤ መካከል ላይ ምሰሶ አያስፈልግም፣ ወፍራም ግንድም አያስፈልግም። ከወጪ አንጻር ካየነው በእልህ ከተሠሩ ነገሮች ሁሉ እንደዚህ በርካሽ ያለቀ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

የቤቷን ታሪክ ከተራ ወሬ ከፍ የሚያደርገው ግን ሳሎኑ ነው። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያየው ያልተለሰነ የጡብ ግድግዳ ዱሮ የመንገድ ግድግዳ ነበረ። ጡቡ ላይ የተቦረቦሩ ረጃጅም ጭረቶች ይታያሉ። የጋሪ መንኮራኩር እምብርት የፋቀው ነው። ቤት ውስጥ የጋሪ ግጭት ምልክት ያለበት ሳሎን ምን ያህል እንዳለ አላውቅም፤ ብዙ እንደማይሆን ግን መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ጭረቱ ጋሪ ማለፉን ይመሰክራል፤ ግድግዳው መጎዳቱንም ይመሰክራል። የሰውየውን ልብ ግን አይመሰክርም። እንዲያውም በከተማዋ ከእልሁ ታሪክ ጋር አብሮ የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ፤ ሆለንስበሪ ቤቷን የሠራት ለሴት ልጆቹ ብሎ ነው የሚል። ይህኛው ጣፋጭ ነው፤ ለጎብኚ ሲነገርም ፈገግታ ያመጣል። እኔ ሦስተኛ ነገር እጨምራለሁ። የወደብ ከተማ መሐል ላይ 2.1 ሜትርም ቢሆን መሬት መሬት ነው፤ ሁለት ግድግዳ በነፃ ያገኘ ሰው ሦስተኛና አራተኛውን ቢሠራ እብደት አይባልም። ሰው አንድን ነገር በአንድ ምክንያት ብቻ አይሠራም። ጩኸቱ አስመርሮት፣ ልጆቹን አስቦ፣ ኪራዩንም አስልቶ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ በሰው አፍ የቆየው ግን እልሁ ነው፤ ስለ ኪራይ የሚያወራ ማን አለ?

እልሁ በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቀ ቤት ለማግኘት ወደ ኒው ዮርክ መሄድ ያስፈልጋል። በ1882 ሃይማን ሳርነር የተባለ ነጋዴ ሌክሲንግተን ጎዳናና 82ኛው መንገድ በሚገናኙበት አካባቢ የሚከራዩ መኖሪያ ሕንፃዎች ሊሠራ ተነሣ። በእሱ ቦታና በሌክሲንግተን ጎዳና መካከል ግን አንድ ቀጭን ቁራጭ መሬት ነበረች፤ ወርዷ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቷ 31 ሜትር ያህል። ባለቤቷ ጆሴፍ ሪቻርድሰን ይባላል። ሳርነር መሬቷ ለሌላ ሰው ምንም እንደማትጠቅም አስልቶ 1 ሺሕ ዶላር ልስጥህ አለው። ሪቻርድሰን 5 ሺሕ ካልሆነ አልሸጥም አለ። ሳርነር አሻፈረኝ ብሎ ሄዶ ሕንፃውን ሠራ፤ መስኮቶቹንም በባዶዋ ቁራጭ መሬት አሻግረው ሌክሲንግተን ጎዳናን እንዲያዩ አደረገ።

ሪቻርድሰን በዚያች 1.5 ሜትር ላይ አራት ወለል ያለው ሕንፃ አቆመ። የሳርነር መስኮቶች በአንድ ጊዜ ግድግዳ አዩ። ነገሩ ቀልድ እንዳልነበረ የሚያሳየው ሰውየው የሠራው ባዶ ግንብ አለመሆኑ ነው። ክፍሎች ነበሩት፣ ተከራዮች ነበሩት፣ እሱ ራሱም ገብቶ ኖረበት። ደረጃው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ስለነበረ የሚወጣው ሰው የሚወርደውን መጠበቅ ነበረበት። ለምግብ ጠረጴዛ የሚሆነው ስፋት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሪቻርድሰን በ1897 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልወጣም። ሕንፃው በ1915 ፈርሶ በቦታው ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ተሠራ። ማለትም በመጨረሻው ያቺ ቁራጭ ሳርነር በመጀመሪያ እንደተመኘው ከትልቅ ቦታ ጋር ተቀላቀለች፤ የተጠቀመው ግን ሳርነር አልነበረም።

ባለጸጋና ደሃ ሲጣሉ ደግሞ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የሳን ፍራንሲስኮው የባቡር ሐዲድ ቱጃር ቻርልስ ክሮከር በ1870ዎቹ ኖብ ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ አንድ ሙሉ ቅያስ መሬት ጠቅልሎ ሲገዛ፣ ኒኮላስ ያንግ የተባለ የሬሳ ሣጥንና የቀብር ሥራ ነጋዴ ብቻ ትንሿን ቦታውን አልሸጥም አለ። ክሮከር በሦስት በኩል 12 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አጥር አጥሮ ሰውየውን ፀሐይ ነሣው። ያንግ በ1880 ሞተ፤ ሚስቱ ግን ቦታውን ይዛ ቆየች። መሬቱ ለክሮከር ወራሾች የተሸጠው በ1904 ነው። ያን ጊዜ ክሮከርም፣ ያንግም፣ ሚስቱም በሕይወት አልነበሩም።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የቫንኩቨሩ ነው፤ ባላጋራው ጎረቤት ሳይሆን ማዘጋጃ ቤት ነበርና። ቻንግ ቶይ ከቻይና ሄዶ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ከባድ ሀብት ያፈራ ነጋዴ ነው። ድርጅቱ ሳም ኪ ይባል ስለነበረ ብዙዎች እሱንም በዚያ ስም ይጠሩት ነበር። ድርጅቱ በቻይናታውን፣ ፔንደርና ካራል ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ በ1903 አንድ ቦታ ገዛ። በ1912 ማዘጋጃ ቤቱ ፔንደር ጎዳናን ለማስፋት ከቦታው ወርድ 9 ሜትር ያህል ውስጥ 7.3 ሜትሩን ወሰደ። የቀረው ከ2 ሜትር በታች ነው። አጠገቡ ያለው ባለ ይዞታ ቁራጩን በርካሽ ለመግዛት ይጠብቅ ነበር ይባላል፤ በዚህች መሬት ላይ ምንም ሊሠራ አይችልም ተብሎ ውርርድ ተይዞ ነበር የሚሉም አሉ።

ቻንግ ቶይ ብራያንና ጊላም የተባሉ አርክቴክቶች ቀጠረ። በ1913 ያለቀው ሕንፃ ምድሩ ላይ 1.5 ሜትር ወርድ አለው። ፎቁ ላይ ወደ ውጭ በወጡ መስኮቶች ትንሽ ይሰፋል። ዋናው ብልሃት ግን ከምድር በታች ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ የወሰደው ከላይ ያለውን ስለሆነ ምድር ቤቱ በእግረኛው መንገድ ሥር ተዘርግቶ የሕዝብ መታጠቢያ ሆነ፣ ብርሃንም በእግረኛው መንገድ ላይ በተተከሉ የመስታወት ጡቦች ይገባለት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው እንዴት ባለ ዘመን እንደሆነ ማሰብ ያሻል። ከ1903 ጀምሮ ወደ ካናዳ የሚገባ ቻይናዊ የ500 ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍል ነበር። በ1923 ደግሞ በሩ ጭራሽ ተዘጋ፤ ሕጉ የተሻረው በ1947 ነው። በከተማው ምርጫ ድምፅ የሌለው ሕዝብ ለማዘጋጃ ቤቱ የሰጠው መልስ ያ ሕንፃ ነው ማለት ይቻላል። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፤ በዓለም እጅግ ጠባቡ የንግድ ሕንፃ ተብሎም በመዝገብ ሰፍሯል።

በዚያው በካናዳ፣ በቶሮንቶ፣ ከእልህ ይልቅ ቢሮክራሲ የወለዳት ቤት አለች። አርተር ዊደን የተባለ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ በ1912 ዴይ ጎዳና ላይ በቤቶች መካከል ክፍት የተተወ ቦታ ነበረው፤ የታሰበው ለመኪና መግቢያ ነው። ነገር ግን ከተማው መኪና እንዲወጣበት የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ዝቅ ሳያደርግለት ቀረ። መኪና የማይገባበት የመኪና መግቢያ ይዞ ከመቅረት ዊደን ቤት ሠራበት፤ ከሚስቱ ጋርም 26 ዓመት ኖረባት። 28 ካሬ ሜትር ገደማ ናት። ጓሮዋ ውስጥ አትክልት ይተክሉ ነበር። በኒው ዮርክ ቤድፎርድ ጎዳና ቁጥር 75½ ላይ በ1873 የተሠራችውም የሠረገላ መግቢያ የነበረች ናት፤ ወርዷ 2.9 ሜትር ነው። ባለቅኔዋ ኤድና ሴንት ቪንሰንት ሚሌይ የፑሊትዘር ሽልማት ባገኘችበት በ1923 ከባሏ ጋር ገብታባታለች። በ2013 በ3.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ለሠረገላ መግቢያ ክፉ ዋጋ አይደለም።

የቦስተኗ ደግሞ የወንድማማቾች ናት። በኮፕስ ሂል መቃብር ፊት ለፊት፣ ኸል ጎዳና ላይ የቆመችውን ቤት ከእርስ በርሱ ጦርነት የተመለሰ ወታደር ሠራት ይባላል። እሱ በሌለበት ወንድሙ የአባታቸውን መሬት ጠቅልሎ ትልቅ ቤት ሠርቶበት አገኘው፤ የተረፈውን ቁራጭ ይዞ ለወንድሙ ብርሃንና እይታ የሚጋርድ ቤት አቆመበት። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። ርስት ላይ የተጣሉ ወንድማማቾች ታሪክ ለማመን ብዙ ማስረጃ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ግን ያለ አይመስለኝም። የፊት በር የላትም፤ መግቢያዋ በጎን ባለው ቀጭን መተላለፊያ በኩል ነው። በ2021 በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች።

ለመሆኑ ሕግ ይህን እንዴት ያየዋል? ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ጎረቤቱን ለማናደድ ብቻ መሥራት ይችላል? የእንግሊዝን ልማድ የሚከተሉ ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ “ይችላል፤ ልቡን አንመረምርም” የሚል ነበር። አውሮፓ ላይ ቀደም ብሎ ሌላ ሐሳብ በቅሏል። በ1855 በፈረንሳይ የኮልማር ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ሰው የጎረቤቱን ብርሃን ለመጋረድ ብቻ ጣራው ላይ ያቆመውን የውሸት ጭስ ማውጫ እንዲያፈርስ ፈርዶበታል። ጭስ የማያወጣ ጭስ ማውጫ ዓላማው ምን እንደሆነ ለዳኞቹ ግልጽ ነበር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1887 ባወጣው ሕግ ጎረቤትን ለማናደድ በተንኮል የተሠራና ከስድስት ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር በላይ የሆነ አጥር እንደ ሁከት እንዲቆጠር አደረገ። ሕጉ በ1889 ሲፈተን ፍርዱን የጻፈው ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነው። ሆምስ ሕጉን አጸደቀ፤ ሆኖም ሚዛን አስቀመጠ። ተንኮል ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አይበቃም፤ ያለ እሱ አጥሩ ባልተሠራ ነበር የሚያሰኝ ዋናው ምክንያት መሆን አለበት አለ።

ይህን ሚዛን ወደ ኩዊን ጎዳና ብናመጣው ሆለንስበሪ ሳይረታ አይቀርም ማለት ያስቸግራል። ሕጉ አጥርን ይዟል፤ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ቤት ይኖሩበታል፣ ያከራዩታል፣ ለልጅ ያወርሱታል። በእልህ የተሠራ አጥር ከእልሁ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም፤ በእልህ የተሠራ ቤት ግን ሁልጊዜ መከላከያ አለው። ሪቻርድሰንም ቢሆን “ተከራዮቼን እዩ” ማለት ይችል ነበር።

ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሆምስ ይልቅ ወደ ኮልማር ይጠጋል። በቁጥር 1225 ላይ ባለቤት በመሬቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር ከማድረግ እንዲጠነቀቅ ያዛል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም በጉርብትና የሚነሣው ጭቅጭቅ አልቀነሰም። ወሰን ገፍቶ የመጣ የቆርቆሮ አጥር፣ መስኮት የጋረደ ሰርቪስ ቤት፣ መተላለፊያ የዘጋ ኩሽና ያላየ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የአሌክሳንድርያዋን ቤት ከመፍረስ ያዳናት እልህ ሳይሆን በሌላ ዘመን የመጣ ሕግ ነው። ከተማው በ1946 አሮጌውን መንደር የታሪክ ክልል ብሎ ከለለው፤ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ክልል ካቋቋሙ የመጀመሪያዎቹ ከተሞች ሦስተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤት የሆነ ሰው ከመንገድ የሚታየውን የቤቱን ገጽ እንዳሻው መቀየር አይችልም፤ ማስፈቀድ አለበት። በዚህም ምክንያት በአንድ ሰው ንዴት ተሠራች የምትባለው ቤት ዛሬ ባለቤቷ እንኳ በገዛ ፈቃዱ ሊያፈርሳት የማይችላት ሆናለች። በ1990 የገዛት ሰው 135 ሺሕ ዶላር ከፍሎባታል። ታች ሳሎንና ኩሽና፣ ላይ መኝታና መታጠቢያ፣ ከኋላ ትንሽ ግቢ አላት። ሥራ ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍባት ዓይነት ቤት ናት፤ ልጆች ለሚያሳድግ ቤተሰብ ግን አትመከርም።

ከአዲስ አበባ አሌክሳንድርያ ሩቅ ብትመስልም ዘመድ ያልሄደባት ቤት ጥቂት ነው። ከተማዋና አጎራባቾቿ ከኢትዮጵያ ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው፤ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ለወላጆች መረጃ ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ኪንግ ጎዳና ላይ ወርዶ ወደ ወንዙ ከማምራቱ በፊት ጥቂት መንገዶች ወደ ሰሜን ቢታጠፍ ኩዊን ጎዳናን ያገኛል። ቤቷን በቁጥሯ ከመፈለግ ፊቷ የሚቆመውን ሰው መፈለግ ይቀላል። ሆለንስበሪ መተላለፊያውን የዘጋው ሰው መጥቶ እንዳይቆምበት ነበር። አሁን በበጋ ቅዳሜ ከሰዓት እግረኛው መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሣል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ አንዳንዱም እጁን ዘርግቶ ወርዷን ይለካል።